የፀጋዬ ጣሳ ዝም ያለ ቀን

እልፍነሽ ጣሳው ዝም ማለቱን ያወቀችው ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሠፈር ውስጥ ሞተር ሳይክሉ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥኑ፣ የፍየሉ ጩኸት ተደማምሮ የራስን ሐሳብ እንኳ ለመስማት ያስቸግራል። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ጠብ፣ ጠብ የምትለውን ድምፅ ለይታ እየሰማች ኖራለች። ቦይለሩ ከበራ ቆይቷል፤ እስካሁን መጀመር ነበረበት።

ድምፁ የባሏ የእጅ ሥራ ነው። ፀጋዬ ዕድሜውን የፈጀው ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጡረታ ሲወጣ "ይሄን አጥንቴን በሙቅ ውሃ ልፈውሰው" ብሎ ቦይለር ገዛ። መንደሩ ሳቀበት። ጅቡቲ ላይ ቦይለር! እውነታቸውን ነው፤ ሐምሌ ላይ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የውሃ ታንከር ያለማንም እርዳታ ሻይ ሊያፈላ ይደርሳል። ፀጋዬ ግን "ጥር ይምጣና እንተያያለን" አለ። ጥር መጣ፣ ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ አለ፣ ከሳቁት መሀል ባልዲ ይዞ ያልመጣ አልነበረም።

ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ያበጠው መውጫ ካጣ በርሜሉን ያፈነዳዋል። ለዚህ ነው ቦይለሩ ሥር ትርፉን የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው። ፀጋዬ ከቫልቩ ላይ የመዳብ ቱቦ ቀጥሎ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ግቢው አወጣውና ጫፉ ሥር ባዶ የሳልሳ ጣሳ ደፋበት። ውሃው ሲሞቅ ጠብታው ጣሳውን ይመታል። ያን ጊዜ ፀጋዬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ "እልፌ፣ ባቡሩ ገብቷል!" ብሎ ይጣራል፤ ልጆቹም ፎጣቸውን እየነጠቁ ይሯሯጣሉ። እሱ ከሞተ በኋላ የሚጣራ የለም። ጣሳው ግን ነበር፤ እልፍነሽም በሰማችው ቁጥር በሆዷ "ገባ" ትላለች። ሞኝነት ነው ብትሏት አትቀየማችሁም።

ቢላዋውን ጥላ ወጣች። ጣሳው ጥግ ተወርውሯል። በቦታው ቢጫ ጀሪካን ቆሟል፤ የቱቦው ጫፍ አፉ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። የጀሪካኑ ሆድ ተነፍቷል። አጠገቡ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ተቀምጦ፣ እናቷ ዘንድ ልትታረስ የመጣችው ልጇ ሱሪያ አራስ ልጇን ዝማሬን ታቅፋ ልብሷን ታወልቅላታለች።

"ሱሪያ! ልጅቷን ይዘሽ ግቢ!"

"ምነው እማዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ግቢ አልኩሽ!"

እንዲህ ስትጮህ ሱሪያ ሰምታት አታውቅም፤ ሳትከራከር ገባች። እልፍነሽ ጀሪካኑን አልነካችም። ፀጋዬ "መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሌላው በኋላ" ብሎ አስተምሯታል። አጥፍታው ወደ በሩ ስትመለስ ጨርቁ ተፈናጠረ፤ የሚጨስ ውሃ ባዶው ሳፋ ላይ ተረጨ። የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ሱሪያ ሳፋውን አይታ ማልቀስ ጀመረች። "ሲንጠባጠብ እያየሁ ዝም ልበል? ለአንዲት ጠብታ ስትቆጪን የኖርሽው አንቺ አይደለሽ? ጨርቁንም በረሮ እንዳይገባበት ብዬ ነው።"

እውነቷን ነው። ልጆቹ ከቦኖ ውሃ ሲቀዱ ጀሪካን ከደፉ ራት እስኪቀርብ የምታኮርፋቸው እሷ ነበረች። ያሳደገቻት እንዲህ አድርጋ ነው።

መሳፍንት የተባለው የቧንቧ ሠራተኛ ከአምቡሊ ሠፈር መጣ። ያደገው ግን እነእልፍነሽ ሠፈር ነው፤ በልጅነቱ እሱም ፎጣ ይዞ ሮጧል። ቦይለሩን ከፍቶ አየና ሙቀት መቆጣጠሪያው እንደተቃጠለ፣ ውሃውን ዝም ብሎ ሲያፈላው እንደነበር ነገራቸው። ያንን ቀየረ። ቫልቩንም ፈትሾ ደህና መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ቱቦው ፊት ቆሞ ራሱን አከከ።

"የዚህ አፍ በፍጹም አይዘጋም" አለ። "ጨርቅ የለ፣ ቡሽ የለ፣ መዝጊያ የለ። ሽቅብ አይወጣም፤ እያዘቀዘቀ ይወርድና ሰው በማይቆምበት፣ ግን ዓይን በሚያየው ቦታ ክፍቱን ያልቃል። ጋሽ ፀጋዬ አሳምረው ነው የሠሩት እማማ። ያኔ ግን እዚህ ጋ ሕፃን አይታጠብም ነበር። ነገ ደግሞ ትድሃለች።"

"የት ልትወስደው ነው?"

"ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ፍሳሹ አፍ ላይ።"

"ከዚያ ይሰማል?"

መሳፍንት ጣሳውን አየ፤ ገባው። "አይሰማም እማማ። ካልፈለጉ..."

እልፍነሽ ግድግዳውን አየች። ቱቦው የወጣበትን ቀዳዳ ፀጋዬ በሲሚንቶ ሲደፍን የአውራ ጣቱ አሻራ ቀርቶበታል። በየጊዜው ግድግዳው ኖራ ሲቀባ እሷ ያንን ጣት ታስዘልለዋለች። ከዚያ ሳፋውን አየች።

"ቁረጠው" አለች።

"መዳቡን አልጥለውም። እሱኑ ነው የምቀጥለው" አላት መሳፍንት፤ ቃሉንም ጠበቀ።

አመሻሹ ላይ ሥራው አለቀ፤ መሳፍንት ቦይለሩን አብርቶ፣ የቱቦውን ጫፍ ጎንበስ ብሎ አይቶ ሄደ። እልፍነሽ ዝማሬን ታቅፋ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጣሳው እግሯ ሥር ነው። የቴሌቪዥን ድምፅ መጣ፤ ሞተር ሳይክል አለፈ። የለመደ ጆሮዋ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ምንም የለም። ፀጋዬ ከተቀበረ ወዲህ እንደዚያ ምሽት ሞቶባት አያውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሕፃኗ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ሱሪያ ከቤት የለችም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከፍሳሹ ፈንጠር ብላ ቆማ፣ የቱቦውን ጫፍ ስትጠብቅ ቆይታለች። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ እናቷን ከዚያ ቀን በፊት ጠርታት በማታውቀው ስም ተጣራች።

"እልፌ! ባቡሩ ገብቷል!"

እልፍነሽ ፎጣውን ከገመዱ ላይ ነጠቀች። ዝማሬን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጠች።