ላይ ያለው ላይ

ወልደተንሣኤና አብዱልሀሚድ ለዓመታት በየቀኑ ሲነጋገሩ ኖረው አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም። አንዱ የደብረ ብርሃን ስልክ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው፣ ሌላው የአንኮበር። በመሃላቸው ያለው ሽቦ ነፋስ በመታው ቁጥር እየተበጠሰ ስለሚያስቸግር፣ ጠዋት ጠዋት "አለህ?" "አለሁ" ሳይባባሉ ሥራ አይጀምሩም። ወልደተንሣኤ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ አብዱልሀሚድ ከአንኮበር ሥር ካለችው ከአልዩ አምባ፣ ከነጋዴ ቤት የወጣ። ፋሲካ ሲሆን አንዱ፣ ኢድ ሲሆን ሌላው ቀድሞ እንኳን አደረሰህ ይባላል። ሰው ፊቱን ያላየውን ሰው እንዲህ ሊወድ ይችላል ወይ ለሚል፣ እነሱ ችለዋል።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ያ ክፉ ቀን። ከቆላው የተነሣው ሕዝብ አንኮበር ተሰብስቦ እህል ይጠብቃል፤ እህሉ ደብረ ብርሃን መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ትእዛዝ ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለው አንድ ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀኑን ሙሉ የስብሰባ ጥሪና የድል ሪፖርት ሲያመላልስ ይውላል። "ዛሬ ይህን ያህል ሰው መጣብን፣ እህል ላኩ" የምትለው መልእክት ተራዋን ስትጠብቅ ይመሻል። መኪኖቹ ቆመው ያድራሉ፤ ያደረ መኪና ደግሞ ያደረ ሬሳ ማለት ነበር።

በመጨረሻ እህል አዳዮቹ የራሳቸው የኪራይ መስመር ይኑራቸው ተባለ፤ ሌላ ሰው የማይገባበት፣ ለእነሱ ብቻ የተተወ። አዲስ ሽቦ የሚዘረጋበት ጊዜ ስላልነበረ፣ በአሮጌው ሽቦ ላይ ሁለተኛ መስመር ደርበው የሚያስተላልፉ ሁለት መንታ የብረት ሳጥኖች ከአዲስ አበባ መጡ። አንዱ ደብረ ብርሃን ቀረ፤ አንዱ በእህል መኪና አንኮበር ደረሰ።

የሳጥኖቹን ነገር ወልደተንሣኤ አዲስ አበባ ሄዶ ተምሯል። ለአባቱ ሲያስረዳቸው፣ "እንደ ማኅሌት ነው አባቴ፤ ቀኝ ሲመራ ግራ ይቀበላል፣ ግራ ሲመራ ቀኝ ይቀበላል" አላቸው። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ማዞሪያ አለው፤ አሠልጣኙ የፈረንጁን ጽሑፍ "ላይ" እና "ታች" ብሎ ነው የተረጎመላቸው። ላይ የተደረገው ሳጥን ድምፁን በላይኛው መንገድ ይልካል፣ በታችኛው ይሰማል፤ ታች የተደረገው በግልባጩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከተደረጉ ግን ሁለቱም በአንድ መንገድ ይጮኻሉ፣ ሁለቱም ባዶውን መንገድ ያዳምጣሉ።

ከሥራው በፊት በነበረው ቀን ወልደተንሣኤ ለመጨረሻ ጊዜ በአሮጌው ስልክ ደወለ።

"ስማኝ ሐሚዶ፤ ላይ ያለው ሰው ላይ ያድርግ፣ ታች ያለው ታች። ነገ ጠዋት እኩል እናበራለን። አሮጌው ስልክም በሳጥኑ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሳጥኖቹ እስኪግባቡ መነጋገሪያ የለንም። እና እኔ ሳልጠራህ ምንም እንዳትነካ።"

"ላይ ያለው ላይ፣ ታች ያለው ታች። ገባኝ።"

"ቃልህ ነው?"

"ወላሂ፣ ሳትጠራኝ ጣቴን አላነሣም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺ ቃል ከወልደተንሣኤ አፍ ስትወጣ ትንሽ ነበረች።

በማግስቱ ሁለቱም አበሩ። ወልደተንሣኤ እጀታውን አንሥቶ "አለህ?" አለ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ሽቦውን ፈተሸ፣ መብራቱን ፈተሸ፣ ሳጥኑን ፈትቶ ገጠመ፤ ሁሉ ነገር ደህና ነው። ማዞሪያውን አየው፤ "ላይ" ይላል። እሱን ለመሞከር አላሰበም። ሰው የሚያውቀውን ምን ብሎ ይሞክራል? ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ "ወረደ" ነው የሚባለው፤ ይህን ያገሩ ሕፃን ያውቀዋል።

ከቀትር በኋላ ጓድ ገብረ ሕይወት መጣ፤ የእህሉን ሥራ በበላይነት እንዲመራ የተላከ ካድሬ ነው። እህል የጫኑ መኪኖች ደጅ ቆመዋል፣ አዲሱ መስመር ድዳ ሆኗል፣ አሮጌውም አብሮት ጠፍቷል። እንኳን በዚያ ዘመን፣ በደህናውም ጊዜ ቢሆን የሚያስቆጣ ነገር ነው።

"ችግሩ ካንተ ወገን ነው ከዚያኛው?" አለው።

"በኔ ወገን ሁሉ ነገር ደህና ነው" አለ ወልደተንሣኤ።

አልዋሸም። እስከሚያውቀው እውነቱን ነው የተናገረው። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ ሳይርቅ የት እንደሚያርፍ ታየው፤ በኔ ወገን ደህና ነው ማለት በእሱ ወገን ደህና አይደለም ማለት ነው። "ምናልባት ልሂድና እኔው..." ብሎ ሊያስተካክል ሞከረ። ካድሬው ግን የሚፈልገውን አግኝቷል።

"አሻጥር ነው" አለ፤ "ወደ ላይ አስተላልፈዋለሁ።" አሻጥር የምትባለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ትበላ ነበር። ወልደተንሣኤ የዚያን ዕለት እህል በአፉ ሳይዞር አደረ። ፈራ፤ ከፍርሃቱም የባሰው፣ ሐሚዶ ምን ነካው እያለ ወዳጁን መጠርጠሩ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነጠላዋ በአቧራ የቀላ ሴት ወደ ጣቢያው ገባች። የአብዱልሀሚድ ሚስት ኩብራ ነኝ አለች።

"ጋሼ ወልደተንሣኤ እርስዎ ነዎት? በባዶ የእህል መኪና ከላይ መምጣቴ ነው። ባሌ ከትናንት ጀምሮ ከዚያ ብረት ፊት አልተነሣም። ለሶላት እንኳ እዚያው አጠገቡ ነው የሚሰግድ። 'እንዳዘዝከኝ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ፣ ሳትጠራኝ አልነካሁም፣ ምነው ዝም አልከኝ' በይልኝ ብሎኛል።"

ወልደተንሣኤ እጀታውን እንደያዘ ቀረ። "ከየት መጣሁ አልሽኝ?"

"ከላይ። ከአንኮበር።"

"አንኮበር ላይ ነው እንዴ እህቴ?"

ሴትዮዋ የዋዛ ጥያቄ መስሏት ፈገግ አለች። "እንዴ! እኛ አልዩ አምባዎች ገበያ ስንወጣ ጉልበታችን የሚያልቀው ወዴት ስንወጣ ነው? ከአንኮበር በላይ ምን አለ ጋሼ፣ አላህ እንጂ።"

ይኸው ነው ነገሩ። ለደብረ ብርሃን ልጅ አንኮበር ቁልቁል ነው፤ ለአልዩ አምባ ልጅ የዓለም ጣሪያ። "ላይ ያለው ላይ ያድርግ" ሲባል ሁለቱም ታዘዙ፣ ሁለቱም ላይ አደረጉ። አንድ ቀን ሙሉ ሁለት ወዳጆች በአንድ መንገድ ሲጠራሩ፣ ሁለቱም ባዶውን ሲያዳምጡ ዋሉ።

ወልደተንሣኤ ሳጥኑን አጠፋ፤ ማዞሪያውን ወደ ታች አዞረ፤ አበራ። "አለህ?"

"አለሁ! አለሁ ወልዴ!" ድምፁ ከጎን ክፍል የመጣ ያህል የጠራ ነበር። "የት ጠፋህ አንተ ሰው?"

"ይቅር በለኝ ሐሚዶ። ጥፋቱ የኔ ነው። ላይ ስልህ ላዩ የኔ መስሎኝ..."

ከዚያ ማዶ ሳቅ ተሰማ። ኩብራም የባሏን ሳቅ ሰምታ ሳቀች፤ እግረ መንገዷንም፣ "እንዲህ ሊቀልል ነው እንዴ! ወታደር የጫነ ላንድሮቨር እንኳ መንገድ ላይ ወደ አንኮበር ሲያልፈን ለዚህ ለስልኩ ይሆን ብዬ ነበር" አለች።

ወልደተንሣኤ እጀታውን ወደ አፉ አስጠጋ። "ሐሚዶ፣ ስማኝ..." ብሎ ሳይጨርስ በእጀታው ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ።

"ሰዎች ገቡ፣ ቆይ" አለ አብዱልሀሚድ። መስመሩ የጠራ ነውና ሁሉ ይሰማል። "አብዱልሀሚድ አንተ ነህ?" "ነኝ፤ ደርሳችኋል፣ መስመሩ ተከፈተ፣ ይኸው ስሙት!" "እኛ የታዘዝነው አንተን እንድናመጣ ነው፣ ስልክ እንድንሰማ አይደለም። ተነሥ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው!" እያለ ወልደተንሣኤ ጮኸ። እጀታው ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ሰማ፣ ኮቴ ሲርቅ ሰማ። ከዚያ በኋላ ያ የጠራ መስመር የባዶ ክፍል ድምፅ ብቻ ሆነ።

"ምን አሉት?" አለች ኩብራ።

"ላንድሮቨሩ የሄደው ለሱ ነበር" አላት። "በኔ ወገን ደህና ነው ብዬ ያስያዝኩት እኔ ነኝ።"

ኩብራ አልጮኸችም። አየችው፣ አየችውና፣ "ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለው ምን ያደርጋሉ?" አለችው።

ጓድ ገብረ ሕይወት መስመሩ መሥራቱን ሲሰማ ደስ አለው። "አየህ፣ አሻጥረኛው ሊያዝ ሲል ለቀቀው" አለ። ወልደተንሣኤ የላይና የታችን ነገር ከሥሩ አስረዳው። ካድሬው ሰምቶ ሲያበቃ፣ "በአብዮቱ ውስጥ ላይ ታች የሚባል የለም" አለ። "ደግሞስ ጉዳዩ ወደ ላይ ተላልፏል። የበላይ አካል የሚጠብቀው ታሪክ አይደለም፤ ስም ነው።"

"እንግዲያው የኔን ስጡ።"

ካድሬው ቀና ብሎ አየው። ወልደተንሣኤ ቤቱን አሰበ፣ የአባቱን እርጅና አሰበ። ቢሆንም ቀጠለ። "ሁለታችንንም ብታስሩ መስመሩ ይሞታል። እዚህ ምትክ ሰው አለ፤ አንኮበር ግን ከእሱ በቀር ሳጥኑን የሚያውቅ የለም። እህሉ ይሂድ ካላችሁ እሱን ልቀቁት። አንዱ ላይ ከሆነ ሌላው ታች መሆን አለበት፣ ጓድ። ሥራው እንደዚያ ነው።"

እህሉ ካልሄደ ለካድሬውም የሚቀርለት አልነበረም። ጥቂት አሰበና ዘበኛ ጠራ።

ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨሩ ደብረ ብርሃን እስር ቤት ግቢ ውስጥ ቆመ። አንድ ረጅም፣ ጢሙ የሳሳ ሰው ወረደ፤ ወዲያው "ሂድ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ" ተብሎ ወደ በሩ ተሸኘ። በዚያው በር ወልደተንሣኤን በሁለት ወታደር መሃል እያስገቡት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተላለፉ፤ አልተዋወቁም። ወልደተንሣኤ ግን ኩብራ ከአጥሩ ውጭ ሆና ወዴት እንደምታይ አየና ዞረ።

"አለህ?" አለው።

ሰውየው ባለበት ደረቀ። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ ይለየዋል።

"አለሁ" አለ አብዱልሀሚድ፤ እጁን ዘረጋ፤ በመካከላቸው ወታደሩ ገባ። በዕድሜያቸው የተያዩት ይኸን ያህል ነው።

መስመሩ ሠራ። በየጠዋቱ የእህሉ መልእክት ከአንኮበር እየመጣ፣ መኪኖቹ በጊዜ እየተነሡ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ። አብዱልሀሚድ በየጠዋቱ እጀታውን ሲያነሣ "አለህ?" ይላል፤ ከዚያ ማዶ ምትኩ ሰው "አቤት" ይላል። "ወልደተንሣኤስ?" ይላል አብዱልሀሚድ። "እስካሁን አልተፈታም" ይለዋል። በግ ሸጦ ስንቅ በኩብራ እጅ ላከ፤ ተቀበሉለት። ደግሞ ላከ፤ ተቀበሉለት። በሦስተኛው ስንቁ ተመለሰ።

በማግስቱ እጀታውን አነሣ። "ወልደተንሣኤስ?"

ምትኩ ሰው በዚያ ዘመን የቢሮ አነጋገር፣ "ወደ ላይ ተልኳል" አለው።

አብዱልሀሚድ በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ከአንኮበር በላይ ያለውን እሱም እንደ ሚስቱ ያውቀዋል። እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ በዝግታ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው፤ የዚያን ቀን እህል የሚጠብቀውን ሰው ቁጥርም እንባውን ሳይጠርግ ተናገረ።