ከኪራኮስ ላፕቶፕ ያልወጣው ፋይል

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ተድላ ታራዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ የጫማውን በረዶ ያራግፍ ነበር። የመጣው የወንድሜን የኪራኮስን ላፕቶፕ ሊወስድ ነው። ኪራኮስ ከሞተ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤታቸው ስለሆነ ተድላ በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲመልስ ታዟል።

«ቆንጅት፣ ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ሁለቴ አራዝመውልኛል።»

እናታችን ፀሐይነሽ ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ኪራኮስ ዳዊቱን በራሱ ድምፅ ቀርጾ፣ አንድ ቁልፍ ስትጫን የሚያነብላት ፕሮግራም ሠርቶላት ነበር። ድምፁን ያስቀመጠው በራሱ ዘዴ ስለሆነ ከዚያ ፕሮግራም በቀር የሚከፍተው የለም። ቅጂዎቹን ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ወደገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ አዛውሬያለሁ። ፕሮግራሙ ግን እዚያ አልነሣም አለኝ። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነኝ። ሁለቱ ላፕቶፖች ለሚሠሩበት ለሊኑክስ ፓኬጅ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ጠቅልሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ፋይል፣ እንዴት እንደሚሠራ ከቀብሩ በኋላ ነው ከዩቲዩብና ከኪራኮስ ማስታወሻ የለቃቀምኩት።

በኪራኮስ ላፕቶፕ ላይ ፓኬጁን ስሠራ ቀድሞም የወጣብኝ ቢጫ የማስጠንቀቂያ መስመር እንደገና ወጣ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው አንድ ሼርድ ላይብረሪ በየትኛውም ፓኬጅ ውስጥ የለም ይላል። ሼርድ ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሙ በውስጡ ሳይይዘው ከኮምፒውተሩ እየተዋሰ የሚሠራበት ፋይል ነው።

«ዋርኒንግ እኮ ነው» አለ ተድላ። «ኤረር ቢሆን ያስቆምሽ ነበር። ኢግኖር የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ጨምሪና እለፊው።»

ጨመርኩ። ፓኬጁ ወጣ። እዚያው የኪራኮስ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩትና ቁልፉን ነካሁ። የኪራኮስ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«ይኸው፣ ሲቸኩል!» አለች እናቴ ከሶፋው ላይ። «ቀስ በል ብዬው ብዬው! ልክ እንደ አባቱ፣ ታክሲ የሚያመልጠው ነው የሚመስለው።»

ተድላ ሳቀ። «በቃ ሠራልሽ። ልደምስሰው?»

ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ነበር። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ቢጫው መስመር ትዝ አለኝ።

«ቆይ! የሞከርነው እኮ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚህማ ሁሉም ነገር አለ።»

ፓኬጁን በፍላሽ ወደ አሮጌው ላፕቶፕ ወሰድኩት። ያለ ችግር ተጫነ። ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። ሁለተኛ ተጫንኩ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፦ ላይብረሪው አልተገኘም። ስሙ ማስጠንቀቂያው ላይ ያለፍነው ያው ስም ነው።

«ምነው ዝም አለ?» አለች እናቴ። «ቆንጅት! ኪራኮስ ምን ሆነ?»

የኪራኮስን ላፕቶፕ ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እያስተካከልኩት ነው፣ እማዬ።»

«እግዚኦ» አለ ተድላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልደመስሰው እኮ ነበር።»

ፋይሉ የት እንዳለ የኪራኮስን ላፕቶፕ ጠየቅሁት። ከኪራኮስ የግል ፎልደር ውጭ፣ ሲስተሙ ውስጥ ነው። ለካ ላይብረሪውን ራሱ ሠርቶ እዚያ አስቀምጦታል። እኔ የገለበጥኩት የሱን ፎልደር ብቻ ነበር። ፋይሉን አውጥቼ ፓኬጁ ውስጥ አስገባሁት፣ ፕሮግራሙም እዚያው እንዲፈልገው አዘዝኩት። በአንዴ ግን አልሆነልኝም፤ መጀመሪያ የፎልደሩን ስም ተሳሳትኩ። ቀጥሎ ፋይሉን ማስገባት ረሳሁ። የተድላ ስልክ ጠራ። የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር አየና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። እንደገና ጠራ።

«አታንሣው» አልኩት።

«አላነሣም። አንቺ ብቻ ሥሪ።»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ቁልፉን ተጫንኩ። ኪራኮስ እየቸኮለ ማንበብ ጀመረ። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለችው።

ተድላ ላፕቶፑን እፊቴ ደምስሶ ይዞት ሄደ። ዓርብ ዕለት ለአዲስ ሠራተኛ ተሰጠ።