ሳይታረም የቆየ ቃል

«ሲያጣጥር ስሙን ጠራ?» አለች አክስትየዋ።

ልጅቷ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «የማንን ስም፣ አክስቴ?»

«የፈጣሪን ነዋ! የማንን ልልሽ ነው?»

«አልጠራም። ውሃ ነው የጠየቀኝ።»

አክስትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወንድሟ፣ የልጅቷ አባት፣ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ለቀስተኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም አይልም። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤቶች «ያጥናችሁ» ብለው ገና አረፍ ሳይሉ ሹክሹክታቸውን ጀመሩ።

«እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት አሉ።»

«ታዲያ እያት እስቲ፣ ድንጋይ!»

ድንጋይ አልነበረችም። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ሁለት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ አዝላ ነው ያሳደገችው። እንባዋን ምን እንደያዘው ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሟቹ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ ኖረ። ሰፈርተኛው «እስቲ ልየው» የሚል ቅጽል አውጥቶለታል፤ ዝናብ መጣ ሲሉት እንኳ «እስቲ ልየው» ብሎ ደጅ ሳይወጣ የማያምን ሰው ነበርና።

ከሰዓት በኋላ አብራው የሠራች ነርስ መጣች። አልቅሳ ሲወጣላት ጨዋታ አማራት።

«አንዴ የአንድ ሹፌር ደም ላክንለት፣ ወባ እንዲያይልን። ውጤቱ ላይ ‹አልታየም› ብሎ ጻፈ። ዶክተሩ ገና ልጅ ነው፣ ተናደደ። ‹አለ ወይስ የለም? አንዱን ይበሉኝ!› አለው። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹የደሙን ጠብታ መቶ ቦታ አይቻለሁ፣ አልታየኝም። የለም እንዳልል ያላየሁት ይበዛል።› በማግስቱ ደግመን ብንልክለት ታየ! በዚያ ሁሉ ዓመት ‹የለም› ብሎ የጻፈበት አንድ ወረቀት አታገኙም።»

ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ልጅቷ ግን ትሪውን መሬት አስቀመጠችው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲ በገባች ሰሞን፣ እራት ላይ «አባዬ፣ አምላክ አለ ብለህ ታምናለህ?» ብላ ጠይቃው ነበር። እንደ ልማዱ ቆይቶ ነው የመለሰላት። «እምነቱን ልቤ ውስጥ ፈለግኩት፤ አጣሁት። የለም ለማለት ግን እኔ ማነኝ?»

የመጀመሪያውን ግማሽ ወደደችው፤ ሁለተኛው በጆሮዋ በኩል አለፈ። ሳምንት ሳይሞላ ለአክስቷ ስልክ ደውላ «አባዬ እኮ አምላክ የለም ይላል!» አለቻት። ክፋት አልነበራትም፤ ያወቀች መስሏት ነው። በዚያ ዕድሜ እውቀት እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ሰው ካላየው አያረካም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አክስትየዋ ከዚያ ወዲያ ወንድሟን ቤቷ አላስገባችውም። ሁለት ጊዜ ሄዶ አንኳኳ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰ።

«የነገርሻት እኮ እኔ ያልኩትን አይደለም» አላት በሁለተኛው ቀን፣ ኮቱን ሳያወልቅ።

«ያው ነው እኮ አባዬ!»

«ያው አይደለም ልጄ። ያው ቢሆንማ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እሠራ ነበር? እኔን አትሰማኝም፣ አንቺን ግን ታምናለች። አርሚልኝ።»

«እሺ» አለችው። መጀመሪያ ፈተና ነበረባት፤ ቀጥሎ ሥራ መጣ፤ በኋላ ደግሞ ኀፍረቱ ከነገሩ በለጠ። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም። አሁን አንጀቷን የሚበላት እሱ ነው፣ አለመጠየቁ።

ነርሷ ተሰናብታ እንደወጣች ልጅቷ አክስቷን በክንዷ ይዛ ወደ አባቷ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አባዬ አልካደም።»

«አንቺው ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«አበላሽቼ ነው የነገርኩሽ። ‹እምነቱን ፈልጌ አጣሁት፤ የለም ለማለት ግን እኔ ማነኝ› ነው ያለው። አርሚልኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ…»

አክስትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እና አምኖ ነው የሞተው?»

አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። የልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቷን ቃል አንዴ አበላሽታለች፤ ሁለተኛ ግን አልሆነላትም።

«አላመነም አክስቴ። አላመነም፤ ግን አልካደም።»



«ስጸልይ የወንድሜን ስም እዘለዋለሁ» አለች አክስትየዋ። «ዘጠኝ ዓመት ዘለልኩት። ‹የለህም ያለህን ማርልኝ› ብዬ በምን አፌ ልለምን? ፈልጎ ያጣውንማ… ፈልጎ ያጣውንማ እለምንለት ነበር! ጠዋት ማታ እለምንለት ነበር!» ደረቷን መታች። «ሁለተኛ መጥቶ ሲያንኳኳ ዝናብ ነበር። በመጋረጃው አየሁት። ዝናቡ ሲደበድበው እያየሁ አልከፈትኩለትም!»

ከዚያ አለቀሰች። «ወንድምዬ! የኔ ልጅ!» እያለች፣ ሦስቱን ቀን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰችው። ውጭ ሹክሹክታው ጸጥ አለ። ልጅቷ ልትደግፋት ስትጠጋ «ተይኝ! አትንኪኝ!» አለቻት። ተወቻት። ግድግዳውን ተደግፋ ለብቻዋ አለቀሰች። ይቅርታ ማለቱም ከበዳት፤ ዘጠኝ ዓመት የሚያክል ይቅርታ ከየት ይመጣል?

ሲወጣላት አክስትየዋ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። ከበሩ ጀርባ የወንድሟ የሥራ ጋዋን ተሰቅሏል። ተነስታ አወረደችው። አንደኛው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሏል።

«እንዲህ ሆኖ ነው ሥራ የሚሄደው?» አለች። «መርፌና ክር አምጪ።»

ልጅቷ አመጣች። አክስትየዋ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርሳ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀዳዳውን ሳተችው። የልጅቷን ፊት አላየችም፤ መርፌውንና ክሩን ብቻ ወደ እሷ ዘረጋች። ልጅቷ አስገብታ መለሰችላት።

አክስትየዋ ቁልፉን አጥብቃ ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ጋዋኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ልጅ ሳለ እንደምታለብሰው፣ ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈችው።