ጉንጉን ወይስ መጥረጊያ

ከቤታችን ትልቅ በር በላይ፣ በባሉጥ እንጨቱ አግዳሚ ላይ፣ «ሃርም ገርዴስ አቆመኝ» የሚል ተቀርጿል። የአባቴ ቅድመ አያት ናቸው። አባቴ ስማቸውንም ሙያቸውንም ወርሶ አናጺ ሆነ። እኔ ግን ብረት በያጅ ሆንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም።

በመንደራችን ዳር ለአንድ ድርጅት ትልቅ የዕቃ መጋዘን ስናቆም የበያጆቹ አለቃ ነበርኩ። የጣሪያው ብረት ሲያልቅ እንደ አገሩ ወግ አንድ አናጺ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይመርቃል፣ መጠጡን ጨልጦም ብርጭቆውን ለመልካም ዕድል ቁልቁል ወርውሮ ይሰብራል፤ የጥድ ጉንጉንም ይሰቀላል። አሠሪው ሠራተኛውን ቅር ካሰኘ ግን በጉንጉኑ ፈንታ መጥረጊያ ይሰቀልበታል፤ አገር ይስቅበታል። እኔ ከአባቴ ሌላ መራቂ አልፈለግኩም።

«አባዬ፣ አንተ መርቅልኝ።»

«ያንን የጫማ ካርቶን?» አለ፣ ጋዜጣውን ሳያወርድ። «ካርቶን ደግሞ ይመረቃል እንዴ?»

በዕለቱ ግን ጥቁር የአናጺ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ገና ከበሩ እንደገባ ቆመ። በእኛ ቤት ሰው በምሰሶዎች መካከል እየተሽሎከለከ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድም ምሰሶ የለም። ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄን ሁሉ የተሸከመው ምንድን ነው?»

«የኔ ብየዳ ነዋ!»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

«እዚህ ስም አይጻፍም። ውጭ የድርጅቱ ምልክት አለ።»

አባቴ ወደ ድርጅቱ ተወካይ፣ ወደ አቶ ፎስ ዞረ። «በየመንገዱ ዳር እንዲህ ያለ ሳጥን ሞልቷል፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። የኛ ቤት ግን ሠሪውን ራሱ ይናገራል። የልጄ ስም ይጻፍ።»

«አቶ ገርዴስ፣ መመሪያው እኮ…»

«እንግዲያው ጉንጉኑን አውርዱት። መጥረጊያ ያለው ሰው አለ?»

«እኔ ጋ ሁለት አለ!» ብሎ አንዱ ከጣሪያው ጮኸ። «ለአቶ ፎስ አዲሱን እንሰቅላለን!»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። ለምረቃው የመጡት ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን አነሱ። አቶ ፎስ ፊቱ ቀላ።

«በቃ፣ በቃ፤ ትጻፍ!»

ጭምብሌን አወረድኩ። ከበሩ በላይ ባለው ብረት ላይ «ኢምከ ገርዴስ አቆመችኝ» ብዬ በብየዳ ጻፍኩ። አባቴ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«ይቺኛዋ ተጣማለች።»

«ቅድመ አያትህስ መች ቀጥ አድርገው ጻፉ?»

ሳቁን ዋጠና መሰላሉን ያዘ። ከጉንጉኑ ሥር ቆሞ መረቀ፤ መጠጡን ጨለጠ፤ ከዚያም ድምፁ መጋዘኑን ሞላው።

«ይህን ቤት ያቆመችው የኔ ልጅ ናት!»

ብርጭቆው እታች ሲሚንቶው ላይ ብትንትን አለ።