በሮምና በአቴና መካከል የቀረችው ሰዓት

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ዘመን ቆጥረው፣ በዓላትንና አጽዋማትን አውጥተው ለሰቆጣ ካህናት የሚያሳውቁ ሊቅ ነበሩ። በዚያ ሰኔ ግን አንዲት ሰዓት ጠፋችባቸው።

ነገሩ በስልክ መጣ። ሮም ከተማ አንዲት አሮጊት እየጦረች የምትኖረው ልጃቸው መስታወት፣ «አባ፣ ነገ ከአሮጊቷ ጋር አቴና እሄዳለሁና ይጸልዩልኝ» አለቻቸው።

«ሩቅ ነው?»

«ከሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል። በአውሮፕላን ግን ሁለት ሰዓት ነው። ጠዋት በሦስት ተነሥተን በስድስት እንደርሳለን።»

«ከሦስት እስከ ስድስትማ ሦስት ነው፣ ልጄ።»

ሳቀች። «የአቴና ሰዓት በአንድ ይቀድማል፣ አባ። አንዷ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

መሪጌታ ስልኩን ዘግተው ተከዙ። «ሰዓት የፈጣሪ ናት። መንገድ ላይ ከቀረች ማን ያነሣታል?»

«የዘመን ሊቁ በአንዲት ሰዓት ተረቱ!» ብለው ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት አፌዙባቸው። ፌዙ ግን የናፍቆት መሸፈኛ ነበር፤ ልጃቸውን ካዩ ዓመታት አልፈዋል።

በማግሥቱ መሪጌታ በሩን በእንጨት መወርወሪያ ዘግተው በሦስት ሰዓት ጸሎት ጀመሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን በእሳቸው ቆጠራ በረራው አለቀ፤ መድረሻዋ ግን ገና ነው። እንግዲህ ልጃቸው ያለችው ባለቤት በሌላት በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ደጅ ሲጭሩ የነበሩት ዶሮዎች ድንገት ጸጥ አሉ።

ቀትር ሲቃረብ ከበሩ ማዶ አንድ ድምፅ ተጣራ።

«እማ!»

ወለተ ሰንበት ብድግ አሉ። «መስታወት ናት!»

መሪጌታ ጸሎቱን ሳያቋርጡ የባለቤታቸውን ክንድ ያዙ። በቀትር የተጣራን፣ ሦስት ጊዜ ካልጠራ በቀር አቤት አይሉትም።

«እማ፣ ክፈቺልኝ። ደከመኝ።»

«መሪጌታ፣ ይልቀቁኝ! ልጄን ደጅ ላቁማት?»

ያን ጊዜ ጸሎቱ ተቋረጠ። «ልጅሽ ሰማይ ላይ ናት። እዚህ ከገባች፣ እዚያ ማን ይወርዳል?»

ሁለቱም ጠበቁ። ሦስተኛው ጥሪ አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«ደረስሁ፣ አባ» አለች መስታወት። ድምፅዋ ሰልሏል። «አየር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ከደጃችን ቆሜ ሁለት ጊዜ ብጣራ አልከፈታችሁልኝም። ደግሜ ልጣራ አፌን ስከፍት፣ ጎማው መሬት ነካና ነቃሁ። አሮጊቷ እያለቀሱ ነበር፤ ሰውነትሽ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሽሽ ጠፍቶ ነበር ይሉኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ግድ የለም፣ አባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሮም ስንመለስ፣ ያቺ ሰዓት ትመለስልኛለች።»

መሪጌታ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ሁሉን የሰሙት ወለተ ሰንበት የበሩን መወርወሪያ ነቅለው፣ ጎንበስ ብለው እሳቱ ውስጥ እየማገዱት ነበር።