ጠፋ

እህቱ፣ እሱ የምርመራ ምስል የሚያነሳበትን ሆስፒታል ጋውን ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ስትወጣ፣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ስፌቱ ላይ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት።

«ይሄን የሰፋው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» አለች የማሰሪያውን ክር እየጎተተች።

«እትዬ፣ በናትሽ አትተርትሪው፤ ኋላ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ይጠይቁህ! ፎቶ አንሺ ሆነህ ቀረህ እንጂ፣ እንዳልኩህ መርፌ ብትይዝ ኖሮ እዚህ ቤት ደህና ልብስ ይኖር ነበር።»

አስተኝቷት፣ ማሽኑ አልጋውን ወደ ውስጥ ሲስብ ዓይኗን ስትጨፍን አየና በመስታወት ወደተለየው ክፍል ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ቆሽቷ ላይ ዕጢ የወጣባት ታካሚ ናት። ሁለቱን ሳያደባልቅ እንደሚሠራ ለዶክተሯ ቃል ገብቶ ነው እህቱን እንዲያነሳ የተፈቀደለት።

የሚሞከርላት ሕክምና ለማስረዳት አይከብድም። ከፀጉር በሺህ እጅ የቀጠኑ ቅንጣቶች በደም ሥር ይሰጣሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት የካንሰሩን መድኃኒትና ምስል ላይ የሚያበራ ምልክት አብራ ተሸክማለች። ብርሃኑ ዕጢው ላይ ከታየ መድኃኒቱ ደርሷል፤ ካልታየ መንገድ ላይ ቀርቷል። እህቱ «ፋኖስ የያዙ ተላላኪዎቼ» ትላቸዋለች። ባለፈው ምስሉን ሲያሳያት ዕጢዋ እንደ ክብሪት ራስ ቦግ ብሎ ነበር። እንደ ልጅ አጨብጭባ፣ «በራ!» እያለች ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው።

የዛሬው ምስል ቀስ በቀስ ወጣ። ጉበቷ ያበራል፤ ጉበት መቼም ያገኘውን ቅንጣት ሁሉ ይውጣል። ጣፊያዋም ያበራል። ዕጢው ያለበት ቦታ ጥቁር ነው። ድምቀቱን ጨመረ፤ ቀነሰ። ቅንጣቶቹ በስንት ሰዓት እንደተሰጧት አጣራ፤ ስህተት የለውም። ከዚያ ብርሃኑን የማያሳየውን ተራውን ምስል ከፈተ። ዕጢው ቦታው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ካለፈው ሰፍቷል።

ማሽኑ ዝም ካለ በኋላ ዶክተሯ ገብታ ከኋላው ቆመች።

«እህስ?»

«ጠፋ» አላት።

ዶክተሯ ስክሪኑን አየችና ሳትናገር በእጇ ጠቅሳ ወደ ኮሪደሩ አወጣችው። «ነገ እኔው እነግራታለሁ፤ አንተ እንዳትጀምረው» አለችው። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሲመለስ ነው ቅድም ክርኑን የት አሳርፎ እንደነበር ያየው፤ ድምፅ ወደ ታካሚዋ በሚያደርሰው የማይክሮፎን ቁልፍ ላይ።

አልጋውን ስቦ ሲያወጣት ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ግን ትስቃለች።

«ሰማሁህ እኮ! ልትደብቀኝ ነበር አይደል? አንተ ተንኮለኛ!»

«ምኑን?»

«ጠፋ ስትል ሰማሁህ! በገዛ ጆሮዬ!» ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ልጄን እንዳትመጣ ልንገራት። አለቃዋን ስንት ለምና ፈቃድ አግኝታ፣ ለምን ትንከራተት? ሌላ ጊዜ በደህና ትመጣለች።»

እስከ ነገ ዝም ማለት ይችላል፤ ታዟልም። ግን ልጅቱ ጉዞውን ከሰረዘች ያንን ፈቃድ ዳግም አታገኘውም። የእህቱ «ሌላ ጊዜ» ደግሞ መኖሩን እንጃ። ስልኩ ይጠራል።

«እትዬ፣ ዝጊው።»

«ምነው?»

«የጠፋው መብራቱ ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። «ዕጢውስ?»

«አለ።»

«ተላላኪዎቼስ?»

«አልደረሱም። ጉበትሽ ላይ ቀርተዋል። ዶክተሯ ነገ ሌላ መድኃኒት ካለ…»

መዳፏን አንስታ ዝም አሰኘችው። ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። «እማዬ? አለሽ? እማዬ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «አለሁ የኔ እናት። ደህና ነኝ፤ አትደንግጪ… ስሚኝማ፣ ያ ትኬት ወደዚህ ሳምንት አይቀየርም?… ኧረ ምንም አልሆንኩ። ናፍቀሽኝ ነው።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ የጋውኑን ክር በጣቷ ጠቀለለች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ያ ማይክሮፎን ሁልጊዜ ክፍት ነው?»

«አይደለም እትዬ። ክርኔን ጥዬበት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እንኳን ጣልክበት» አለች ቀና ሳትል። «ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»