የአባባ ጭምብል

ምራቲቱ የቁም ሣጥንና የአልጋ ቫርኒሽ በመርጫ ትቀባለች። አማቷ፣ ሰፈሩ «ብሎን» የሚላቸው ጡረተኛ መካኒክ፣ ሽታው ሳንባዋን እንዳይጎዳው ሲጨነቁ ከረሙና አንድ ሳምንት ሙሉ ጓሮ ካለችው ክፍል ገብተው ቀሩ። ሲወጡ ጭምብል ይዘዋል፤ ከጭምብሉ ረጅም ቱቦ ወጥቶ ጎማ ከሚነፉበት አሮጌ ኮምፕረሰር ጋር ተገናኝቷል።

«ከእንግዲህ ንጹሕ አየር እየሳብሽ ነው የምትሠሪው!» አሏት፣ ፊታቸው በርቶ።

እውነትም የቫርኒሹ ሽታ ጠፋላት። በሦስተኛው ቀን ግን ራሷን ይፈልጣት ጀመር፤ አንዴም እግሯ ከድቷት ሣጥኑን ተደግፋ ቆመች። ያን ያህል ለፍተውበት እንዴት ብላ ትንገራቸው? ለባሏ ስታዋየው፣ «አንቺ ለአባባ ካልነገርሽ እኔ እነግራቸዋለሁ» አላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዓይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሳ፣ «አባባ፣ ጭምብሉን ሳደርገው ያዞረኛል» አለች።

ብሎን አልተቆጡም። ኮምፕረሰሩን አስነሱና የቱቦው አፍ ላይ ነጭ መሐረብ አሰሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መሐረቡ ላይ ቢጫ የዘይት ነጠብጣብ ወጣ። ሽማግሌው መሐረቡን ፈትተው ወደ ብርሃን አነሱት።

«ዘይቱስ ይታያል» አሉ። «ዘይቱ ሲግል የሚያወጣው መርዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። አርባ ዓመት ሞተር ስፈታ ስገጥም ኖሬ ይህን ልርሳ? ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር!»

«አልገደሉኝማ። ይኸው ቁርሴን እየበላሁ ነው» አለች፣ ዳቦዋን ይዛ የተከተለቻቸው ምራት።

ጭምብሉን ራሳቸው ፈቱት። ከዚያ ወጥተው ለመተንፈሻ ተብሎ የተሠራ፣ ዘይት የሌለው የአየር መንፊያ ከነጭምብሉ ገዙ። አየር የሚስብበትን አፍ ከቫርኒሹ ክፍልም ከመንገዱም አርቀው ጓሮ፣ አጥሩ ሥር አደረጉት። ወንበርም አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ መብራት ጠፍቶ መንፊያው ከቆመ ጮኸው ሊያስወጧት ነው።

አንድ ቀን ባልየው ሞተር ብስክሌቱን ሳያጠፋ ጓሮ ይዞት ገባ።

«አጥፋ! ጭሱን ለሚስትህ ልታጠጣት ነው?»

ባልየው ደንግጦ ሞተሩን አጠፋና እየገፋ በመጣበት ተመለሰ። ምራቲቱ በመስኮት አይታ ጭምብሏ ውስጥ ሳቀች።

ያን ዕለት ሁለት አልጋ ቀብታ ጨረሰች። ስትወጣ ራሷን አላመማትም፤ ሆዷ ብቻ ይጮሃል። ብሎን ወንበራቸው ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ነገስ ምንድን ነው የምንቀባው?» አሏት።

«የመጽሐፍ መደርደሪያ።»

«እሱማ ቀላል ነው» አሉ፣ በዕድሜያቸው መርጫ ጨብጠው የማያውቁት ሽማግሌ።